ፖሊስ ዘመድ ያለው ማፊያ አይሆንም፤ ማፊያ ዘመድ ያለውስ ፖሊስ ይሆናል?

ነገሩ ከሲሲሊ ይጀምራል። ኖቬምበር 5 ቀን 2007 የጣሊያን ፖሊስ ከፓሌርሞ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ጃርዲኔሎ አንድ ቤት ከበበ። ውስጥ የነበረው ሳልቫቶሬ ሎ ፒኮሎ ነው፤ 25 ዓመት ገደማ ሲፈለግ የኖረ የኮዛ ኖስትራ አለቃ። ልጁ ሳንድሮም አብሮት ተያዘ። ከእጃቸው ከተገኙት ወረቀቶች መሃል ግን አንዷ ከአለቃው በላይ ወሬ ሆነች። ጋዜጦቹ "የማፊያው አስርቱ ትእዛዛት" አሏት። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛ ሲሆን እንናገራለን።)

ትእዛዛቱን ስታነቡ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። የጓደኛህን ሚስት አትመልከት፣ ቀጠሮ አክብር፣ ሚስትህን አክብር፣ መጠጥ ቤት አታዘውትር ይላሉ። ሰው የሚገድል ድርጅት መሆኑን ባታውቁ የሰፈር እድር መተዳደሪያ ደንብ ይመስላችኋል። ከፖሊስ ጋር ፈጽሞ አትታይ የሚልም አለ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ማን አባል መሆን እንደማይችል ይዘረዝራል፤ እዚያ ውስጥ ከተጠቀሱት አንዱ በፖሊስ ወይም በሌላ የህግ አስከባሪ ተቋም ውስጥ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ነው።

ልብ በሉ፣ "ፖሊስ የሆነ ሰው" አይደለም የሚለው። ፖሊስ ዘመድ ያለው ነው። ወንድሙ ፖሊስ ከሆነ በቃ፣ እሱ ራሱ የቱንም ያህል ጨካኝና ታማኝ ቢሆን አይገባም። ልክ ሽማግሌ ከመቀበሉ በፊት የልጁን ዘር ማንዘር እንደሚያስጠይቅ ቤተሰብ፣ ማፊያውም አጥንት ይቆጥራል።

ለምን? ማፊያዎቹ ሰውን ስለሚያውቁ ነው። ምንም አይነት መሃላ ቢፈጸም፣ እናት ስታለቅስ ወይም ወንድም "አንዴ ብቻ ንገረኝ" ሲል የሚላላ አንጀት አለ። ያንን አንጀት እነሱ ራሳቸው ሲጠቀሙበት ስለኖሩ ከማንም በላይ ይፈሩታል።

ፖሊስም በበኩሉ ሰው ሲቀጥር ያጣራል፤ ያመልካቹን ታሪክ፣ ጓደኞቹን፣ ቤተሰቡን። ልዩነቱ ፖሊስ እንደ ማፊያው በደፈናው "ዘመድህ ወንጀለኛ ነውና አትገባም" ማለት አይችልም፣ ማለትም የለበትም። አባቱ ሌባ ስለነበረ ብቻ ልጁን ማባረር ፍትህ አይደለም። ከእንዲህ አይነት ቤት ወጥተው ሙሉ ዘመናቸውን በንጽህና ያገለገሉ ፖሊሶች አሉ፤ እነሱ ዜና ስለማይሆኑ ነው የማናውቃቸው። አስቸጋሪው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፤ ዝምድናውን ሳይወነጅሉ እንዴት ይጠበቃል?

አሁን ወደ ኒውዮርክ እንሂድ።

የማፊያው ልጅ ባጅ ሲያደርግ

ሉዊስ ኤፖሊቶ የብሩክሊን ልጅ ነው። አባቱ ራልፍ የጋምቢኖ የማፊያ ቤተሰብ አባል ነበር። አጎቱ ጂሚ ደግሞ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ የራሱ ሰራዊት ያለው አዛዥ። አጎትየውና የአጎቱ ልጅ 1979 ላይ በገዛ ማፊያ ባልደረቦቻቸው ነው የተገደሉት። ሉዊስ ግን 1969 የኒውዮርክ ፖሊስን ተቀላቀለ። ጉልበተኛ፣ ተናጋሪ፣ ካሜራ የሚወድ ሰው ነበር። ብዙ ሽልማትም ተሸልሟል።

1984 ላይ የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። ኤፍቢአይ የአንድ የጋምቢኖ ሰው ቤት ሲፈትሽ የኒውዮርክ ፖሊስ ሚስጥራዊ ሰነዶች ቅጂ አገኘ። ጥርጣሬው ኤፖሊቶ ላይ አረፈ፤ ከስራ ታገደ፣ በመስሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ችሎት ቀረበ። 1985 ላይ ነፃ ነህ ተባለና ወደ ስራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ደግሞ የድፍረት ጥግ ነው። 1990 በወጣው "ጉድፌላስ" በተባለው ታዋቂ የማፊያ ፊልም ላይ ማፊያ ሆኖ ትንሽ ቦታ ተጫወተ። 1992 "ማፊያ ኮፕ" የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ይዘቱ ባጭሩ ቤተሰቤ ማፊያ ነው፣ እኔ ግን ንጹህ ፖሊስ ነኝ የሚል ነው። ለመጽሐፉ ማስታወቂያ ቴሌቪዥን ላይም ወጣ። ይቺን የቴሌቪዥን ነገር ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

እውነታው ሌላ ነበር። ኤፖሊቶ እና የስራ ጓደኛው መርማሪ ስቲቨን ካራካፓ የሉኬዝ ማፊያ ቤተሰብ ቅጥረኞች ነበሩ። ደመወዛቸው በወር 4,000 ዶላር፤ ግድያ ሲሆን ለብቻው ይከፈላል። የሚከፍላቸው አንቶኒ ካሶ የሚባለው የሉኬዝ ሁለተኛ ሰው ነው። ካሶ መረጃውን ከየት እንደሚያመጣ ለሰዎቹ አይናገርም፤ መጪውን የሚያሳይ የጠንቋይ መስታወት አለኝ እያለ ይቀልድ ነበር። መስታወቱ ሁለት መርማሪ ፖሊሶች ናቸው። ያውም ካራካፓ የሚሰራው በማፊያ ግድያዎች ላይ ያተኮረ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማን ለፖሊስ እየተናገረ እንደሆነ፣ የማን ስልክ እንደተጠለፈ፣ ማን ሊታሰር እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል።

ቆይ ግን፣ ሁለቱን ፖሊሶች ከካሶ ጋር ማን አገናኛቸው? ዘመድ ነዋ።

ኤፖሊቶ ፍራንክ ሳንቶራ የሚባል የአጎት ልጅ ነበረው፤ ማፊያው ጋ የሚሰራ። ሳንቶራ እስር ቤት ሳለ በርተን ካፕላን ከሚባል ነጋዴና የማፊያ ተባባሪ ጋር ተዋወቀ። "ፖሊስ የሆነ ዘመድ አለኝ፣ ስራ ካለ ይሰራልሃል" አይነት ነገር አለው። ሁሉም ነገር የተጀመረው ከዚህች አንዲት ወሬ ነው። ካፕላን ከፖሊሶቹ ጋር መጀመሪያ በቀጥታ አልተገናኘም፤ ገንዘቡም መልእክቱም በሳንቶራ በኩል ነበር የሚያልፈው። 1987 ላይ ሳንቶራ በሌላ ሰው ላይ በተነጣጠረ ተኩስ መንገድ ላይ ሲሞት ነው በቀጥታ መገናኘት የጀመሩት።

የዝምድና ሚና ይሄ ነው። ብዙ ሰው "ዘመዱ አታለለው" ወይም "ለቤተሰቡ ብሎ ነው" ብሎ ያስባል። ኤፖሊቶ ለአጎቱ ልጅ አዝኖ አይደለም ሰው ያስገደለው፤ ለብር ነው። ዝምድናው ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ለማያውቁት ፖሊስ ጉቦ ማቅረብ ቁማር ነው፤ ወጥመድ ሊሆን ይችላል፣ ድምጽ እየቀዳ ሊሆን ይችላል። ዘመድ መሃል ሲገባ ግን ያ ፍርሃት ይጠፋል። "የኛው ልጅ ነው" የሚለው ቃል ዋስትና ይሆናል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

የተከተለው ደም ነው። 1986 አንድ የአልማዝ ነጋዴን እንደ መደበኛ ፖሊስ መኪናውን አስቁመው ወሰዱት። ተገድሎ ብሩክሊን ውስጥ ባለ ጋራዥ ሲሚንቶ ስር ተቀበረ። አስከሬኑ የተገኘው 2005 ላይ ነው። ሚስቱና ልጆቹ 19 ዓመት ሙሉ የት እንደገባ አያውቁም ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ካሶን ሊገድሉት ሞክረው ስተውት ነበር። እሱም ተኳሾቹን እነማን እንደሆኑ ከፖሊሶቹ ጠየቀ። አንዱን ወጣት ኤፖሊቶና ካራካፓ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ይዘው፣ መኪና ኋላ ውስጥ ከተው ለካሶ አስረከቡት። አሰቃይቶ ገደለው፤ አስከሬኑ እስካሁን አልተገኘም። ከሌሎቹ የአንዱን አድራሻ ደግሞ ካራካፓ ከፖሊስ ኮምፒዩተር አወጣ። ችግሩ፣ ያወጣው አድራሻ የሞክሼው ነበር። ስሙ አንድ አይነት ይሁን እንጂ ልጁ ከማፊያ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ስልክ መስመር የሚዘረጋ የ26 ዓመት ሰራተኛ ነው። የገና ዕለት በቤቱ ደጃፍ አዲስ የገዛትን መኪና ለአጎቱ እያሳየ ሳለ ተኩሰው ገደሉት።

እንዴት ተያዙ? እዚህም ቤተሰብ አለበት። ካሶ ራሱ 1994 ላይ ለመንግስት መናገር ጀምሮ የሁለቱን ፖሊሶች ስም ጠርቷል፤ ግን በሌሎች ውሸቶቹ ምክንያት አቃቤ ህጎች ሊያቆሙት የሚችሉት ምስክር አልሆነም። ነገሩ ተኛ። ካሶ ጋ የተወሰደው ወጣት እናት ግን አልተኛችም። ልጇ በጠፋበት ቀን ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ ሆነው ቤቷን ሲቃኙ አይታ ቀርባ አናግራቸዋለች። 1992 ላይ ቴሌቪዥን ከፍታ ስታይ አንዱ ሰውዬ መጽሐፍ ያስተዋውቃል። ኤፖሊቶ! ያቺን ፊት አልረሳቻትም። ከዓመታት በኋላ ይህንን ለአንድ መርማሪ ነገረችው፣ ምርመራው እንደገና ነፍስ ዘራ። መርማሪዎቹ የድሮ የኮምፒዩተር መዝገብ ሲበረብሩም ካራካፓ የሞክሼውን ስም ልጁ ከመገደሉ ከሳምንታት በፊት ፈልጎት እንደነበር አገኙ። የፖሊስ ኮምፒዩተር ማን ምን እንደፈለገ ይመዘግባል፤ በ1986 እንኳ ይመዘግብ ነበር።

የመጨረሻው ቁልፍ ካፕላን ነው። 1998 በማሪዋና ንግድ 27 ዓመት ተፈርዶበት ዝም ብሎ እየታሰረ ነበር። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዚህ ሰው ልጅ በኒውዮርክ ዳኛ ነበረች። አባት የማፊያ አገናኝ፣ ልጅ ችሎት ላይ። እሷ በአባቷ ስራ ውስጥ አለችበት ያለ ሰው የለም፤ ስሟም ከወንጀሉ ጋር ተነስቶ አያውቅም። ሽማግሌው ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ 2004 ላይ ለመናገር ተስማማ፣ 2006 ላይ ቆሞ መሰከረ። ኤፖሊቶና ካራካፓ በስምንት ግድያዎች ተሳትፎ ጥፋተኛ ተባሉ። ዳኛው በይርጋ ምክንያት ውሳኔውን ሰረዙት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 2008 ላይ መለሰው። 2009 ኤፖሊቶ ዕድሜ ልክ ከ100 ዓመት፣ ካራካፓ ዕድሜ ልክ ከ80 ዓመት ተፈረደባቸው። ሁለቱም እስረኛ እንደሆኑ ሞቱ፤ ካራካፓ 2017፣ ኤፖሊቶ 2019።

ፍቅር ሲሆንስ?

ዝምድና ይዘውት ይወለዳሉ። ፍቅር ግን ሊታቀድ ይችላል። ባልቲሞር ላይ የሆነው ይሄ ነው።

የባልቲሞር ከተማ ማቆያ እስር ቤት ውስጥ ብላክ ጉሪላ ፋሚሊ የሚባል ቡድን ነበር። የዚያ እስር ቤት መሪው ታቮን ኋይት ነው፤ 2009 በግድያ ሙከራ ተጠርጥሮ የገባ። ኤፕሪል 2013 የፌደራል አቃቤ ህግ 25 ሰዎች ላይ ክስ ሲመሰርት አሜሪካ ደነገጠች፤ ከተከሳሾቹ 13ቱ ሴት የእስር ቤት ጠባቂዎች ነበሩ። ኋይት ከአራት ጠባቂዎች አምስት ልጆች ወልዷል። እስረኛ ሆኖ! ሁለቱ ስሙን ገላቸው ላይ ተነቅሰውታል።

ከዚህ በላይ ያለው የሰፈር ወሬ ነው፤ ዋናው ጥያቄ እንዴት የሚለው ነው። በፍርድ ቤት ሰነዶቹ መሰረት ቡድኑ የትኛዋ ጠባቂ ላይ ማነጣጠር እንዳለበት ያስተምር ነበር፤ በራሷ የማትተማመን፣ የሚያሞግሳት ያጣች የምትመስል። ከዚያ ማዳመጥ፣ ማድነቅ፣ "ዛሬ ደክሞሻል?" ማለት። እስረኛ ደግሞ ጊዜ አለው። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ማጥናት ይችላል። እሷ በበኩሏ በፈረቃ ተሰላችታ፣ አለቃ እየጮኸባት፣ አደገኛ ኮሪደር ላይ ስትቆም የሚጠብቃት የመሰላት እሱ ነው። ከወራት በኋላ አንድ ትንሽ ነገር ይጠይቃታል። ሲጋራ፣ ቻርጀር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ።

አንዴ ካስገባች በኋላ ግን መመለሻ የለም። ብትጠቆም ስራዋን ታጣለች፣ ትታሰራለች፤ እሱም ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ፍቅሩ እውነት ይሁን ውሸት ብዙ ለውጥ አያመጣም። ሞባይል፣ ማሪዋና፣ የሃኪም ማዘዣ የሚጠይቁ ክኒኖች በውስጥ ልብስ፣ በጫማ፣ በሳንድዊች ውስጥ ተደብቀው ገቡ። ክፍያው በቅድመ ክፍያ ካርድ ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ ካርዱን ይገዛል፣ ቁጥሩን በቴክስት ይልካል፣ አለቀ። ባንክ የለ፣ ፊርማ የለ። ኋይት በአንድ ወር ወደ 16,000 ዶላር አግኝቻለሁ ሲል ተሰምቷል፤ ይህ እስር ቤት የኔ ነው ብሎም በተጠለፈ ስልክ ተናግሯል። ፍተሻ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ቀድመው ይነግሩታል።

እዚህ ጋ ፍርድ ለመስጠት አትቸኩሉ። ሚዲያው ያኔ ሴቶቹ ላይ ብቻ ነው የተሳለቀው። የፍተሻ በሩ ልል መሆኑን፣ የደህንነት ካሜራ ጉዳዩን፣ የሰራተኛ እጥረቱን የሚያውቁት አለቆች ስም ግን ያን ያህል አልተነሳም። ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ ፌደራል ህግ እስረኛ ከጠባቂው ጋር ለሚያደርገው ግንኙነት "ፈቃዴን ሰጥቻለሁ" ማለት አይችልም ብሎ ነው የሚነሳው፤ ቁልፉን የያዘው ጠባቂው ስለሆነ። ባልቲሞር ላይ ቁልፉን የያዘችው እሷ ናት፣ የምትታዘዘው ግን እሷው። ህጉ ሲጻፍ እንዲህ አይነት ግልብጥ ግንኙነት የታሰበ አይመስልም።

የተከሳሾቹ ቁጥር በኋላ 44 ደረሰ፣ 40ዎቹ ጥፋተኛ ሆኑ። ኋይት ጥፋቱን አምኖ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ የገዛ ጓደኞቹና ጠባቂዎቹ ላይ መሰከረ። 2015 ላይ 12 ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት የሜሪላንድ ገዥ እስር ቤቱን ዘጉት።

ወንድሙ የሴኔቱ ፕሬዝዳንት፣ ጓደኛው የኤፍቢአይ

ሶስተኛው ታሪክ የቦስተን ነው፤ ለኔ ከሁሉም የሚገርመው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ደም፣ ሰፈር እና ፍቅር ሶስቱም አሉበት።

ጄምስ በልገር፣ ቅጽል ስሙ ዋይቲ፣ 1929 የተወለደ የሳውዝ ቦስተን የወንበዴዎች አለቃ ነው። ታናሽ ወንድሙ ዊሊያም ከ1978 እስከ 1996 የማሳቹሴትስ ሴኔት ፕሬዝዳንት፣ ከዚያ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት። ሌላው ወንድማቸው ደግሞ በቦስተን የወጣቶች ፍርድ ቤት ትልቅ ሹም ነበር። አንድ እናት ያሳደገቻቸው ናቸው እንግዲህ።

በዚያው የመንግስት ቤቶች ሰፈር ያደገ ጆን ኮኖሊ የሚባል ልጅ ነበር። ህጻን ሳለ ዋይቲ አይስክሬም እንደገዛለት ሲያወራ ኖሯል። ኮኖሊ አድጎ የኤፍቢአይ መርማሪ ሆነ፣ ቦስተን ተመደበ፣ 1975 ላይ ዋይቲን መረጃ አቀባይ አድርጎ መለመለው። ሀሳቡ ዋይቲ ስለ ጣሊያኖቹ ማፊያ ይነግረናል የሚል ነው። በወረቀት ላይ ዋይቲ የኤፍቢአይ ሰው ነበር። በተግባር ግን ኤፍቢአዩ የዋይቲ ሰው ሆነ። ኮኖሊ ማን በዋይቲ ላይ እየተናገረ እንደሆነ ሹክ ይለዋል፤ የተናገሩት ሰዎች ይሞታሉ።

የሰፈር ልጅነት የሥጋ ዝምድና አይደለም፤ የትኛውም የቅጥር ፎርም ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ግን አብሮ አደግ ምን ማለት እንደሆነ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የኮኖሊ አለቃ የነበረው ጆን ሞሪስ ደግሞ የወደቀው በሌላ በኩል ነው። ሚስት አለው፣ ከጸሐፊው ጋር ግን ፍቅር ይዞታል። 1982 ላይ ስልጠና ወደሄደበት ጆርጂያ ሊያስመጣት ፈለገ፤ ለአውሮፕላን ትኬቷ 1,000 ዶላር በኮኖሊ በኩል ከዋይቲ ወንበዴዎች ተቀበለ። ይህን ራሱ ነው ፍርድ ቤት ቀርቦ የተናገረው። አንድ የኤፍቢአይ ሃላፊ፣ በአንድ ሺህ ዶላር! ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ አትናቁት፤ ከዚያች ቀን በኋላ ዋይቲ ላይ እጁን ማንሳት አይችልም።

1994 መጨረሻ ላይ ክስ ሊመሰረት ሲል ኮኖሊ አስጠነቀቀው፣ ዋይቲ ተሰወረ። 16 ዓመት።

አሁን ጥያቄው ወንድምየው ጋ ይመጣል። ዊሊያም 1995 መጀመሪያ ላይ ከሸሸው ወንድሙ ጋር በስልክ አውርቷል፤ በቤቱ ስልክ ሳይሆን በሌላ ሰው ቤት። እጅህን ስጥ ብሎ አልመከረውም። 2003 ላይ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት በምትናገረው አትከሰስም ተብሎ መሰከረ። ወንጀል አልተገኘበትም፤ ግን ጫናው በዝቶ በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። የፍርድ ቤቱ ሹም ወንድማቸው ግን ስለ ዋይቲ በመሃላ ዋሽቶ ተይዞ ታሰረ፣ ጡረታውንም አጣ።

የማሳቹሴትስ ህግ ላይ አንድ ልትሰሙት የሚገባ ነገር አለ። ወንጀለኛ ከወንጀሉ በኋላ እንዲያመልጥ መርዳት ያስቀጣል፤ ነገር ግን የረዳው ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ከሆነ በዚያ አይቀጣም። ህግ አውጪው እናት ልጇን፣ ወንድም ወንድሙን አሳልፎ ይስጥ ብሎ ማስገደድ አልፈለገም። በ1996 ዓ.ም. (ይሄኛው የኛ ነው) የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ህግም ከዚህ ሀሳብ ሩቅ አይደለም፤ ወንጀለኛውን የደበቀው ወይም ሳያሳውቅ የቀረው ሰው የቅርብ ዘመድ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል በር ይከፍታል። ዝም ማለትና መዋሸት ግን አንድ አይደሉም። ዝም ያለው ዊሊያም ቤቱ አደረ፤ በመሃላ የዋሸው ወንድም እስር ቤት ገባ።

እኔ በግሌ ህጉ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለተራ ሰው። ሁለት ኮፍያ ላደረገ ሰው ግን ከባድ ነው። የሴኔት ፕሬዝዳንት የፖሊስን በጀት ያጸድቃል። መርማሪው ፋይሉን ሲከፍት የአለቃው አለቃ ወንድም መሆኑን ያውቃል። ዊሊያም አንድም ቀን ስልክ ባይደውል፣ ስሙ ብቻ ይበቃል። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ደንቡ "ዘመድህን ክዳው" ሳይሆን "ዘመድህ ያለበት ጉዳይ ላይ ራስህን አግልል፣ አስቀድመህም አሳውቅ" የሚለው። ኮኖሊ ከዋይቲ ሰፈር መሆኑን አልደበቀም፤ ኤፍቢአይም ያውቅ ነበር። እንዲያውም ለምልመላው የተመረጠው ለዚያ ነው።

ኮኖሊ 2002 ላይ በፌደራል ፍርድ ቤት 10 ዓመት፣ 2009 ላይ ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ሰው ግድያ 40 ዓመት ተፈረደበት። በህመም ምክንያት 2021 ከእስር ወጣ።

ዋይቲንስ ምን ያዘው? ፍቅር። ኤፍቢአይ ለዓመታት የዋይቲን ፎቶ ሲበትን ከረመ፣ ምንም። ሲሸሽ ግን ካትሪን ግሪግ የምትባል ፍቅረኛው አብራው ነበረች፤ በሙያዋ ጥርስ የምታጸዳ፣ ውበቷን የምትጠብቅ፣ እንስሳት የምትወድ። ጁን 2011 ላይ ኤፍቢአይ ስልት ቀየረ፤ እሱን ትቶ እሷን መፈለግ። 30 ሰከንድ የሚሆን ማስታወቂያ ተሰራ፣ ሴቶች በብዛት በሚያዩአቸው የቀን ፕሮግራሞች መሃል ተላለፈ። በቀናት ውስጥ ከአይስላንድ ጥቆማ መጣ። ጠቋሚዋ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ጎረቤታቸው የነበረች ሴት ናት። ካትሪንን የምታውቃት መንገድ ላይ የተጣለች ድመት ስትመግብ ነው።

ጁን 22 ቀን ዋይቲ በ81 ዓመቱ ተያዘ። አፓርታማው ግድግዳ ውስጥ ከ800,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብና 30 የጦር መሳሪያ ተገኘ። 2013 ላይ በ11 ግድያዎች ተሳትፎ ጥፋተኛ ሆኖ ሁለት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ወደ ዌስት ቨርጂኒያ እስር ቤት በተዛወረ በማግስቱ እስረኞች ደብድበው ገደሉት።

ካትሪን ሚስቱ አልነበረችም፤ ስለዚህ ያ የማሳቹሴትስ ህግ ዓይነት ከለላ የላትም፣ የተከሰሰችውም በፌደራል ህግ ነው። 2012 ላይ ስምንት ዓመት ተፈረደባት። በኋላ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ማን ይረዳችሁ ነበር ተብላ ልዩ የምርመራ ሸንጎ ፊት ስትጠየቅ አልናገርም አለች። 2016 ላይ ለዚያ ዝምታዋ 21 ወር ተጨመረባት። አንድም ስም አልጠራችም።